አፍንጫዋ ወደ ጣና

ሽምብጥ፣ ወደ ሐይቁ ባዘቀዘቀው ግቢያችን፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣
አይሱዙዋ ቆማለች አቀርቅራ ወደ ምድር፤
ጋቢናዋ ወደፊት ተደፍቶ፣ እንደሚሰግድ ሰው፣
ሆዷን ገልጣ ሰጥታናለች፣ የፈለገ እንዲያየው።

ከላይዋ ሃምሳ ኩንታል የወረታ ሽንኩርት፣
ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጀምሯል መሽተት።
ማርቆስ ያለው ነጋዴ በየሰዓቱ ይደውላል፣
አባዬ ስልኩን ያያል፣ ወደ ኪሱ ይመልሳል።

"ባትሪ ነው" አለ አንሙት። የጎረቤት ባትሪ መጣ።
ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፤ ድምፅ እንጂ እሳት አልወጣ።
"ፊልትሮ ነው" አለ አጎቴ። አዲስ ፊልትሮ ተገዛ።
አንዴ አሳላት፣ አንዴ አስነጠሳት፣ ደግሞ ዝም፣ እንደዋዛ።
መካኒኩ ሙላው መጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦
"ፖምፓው ነው። አለቀለት።"
ዋጋውን ነገረን፤ አባዬ ወንበር ፈለገ።

ያን ማታ ራት ላይ ማንም ለወሬ አፉን አልከፈተ፤
ናፍጣ ብቻ ከኛ ጋር ቀርቦ፣ ከወጡ በላይ ሸተተ።
እናቴ እንጉዳይ ግን፣ ሳህን እየሰበሰበች፣
ለማንም ሳይሆን፣ ለጓዳው በር፣ እንዲህ አለች፦

"ይቺ መኪና ፊቷን ወደ ጣና አዙራ ስታድር፣
ጠዋት ባንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ያለ ምንም ችግር።
ወደ ዳገቱ የቆመች 'ለት ግን፣ አፍንጫዋ ተቀስሮ፣
ታስለምናለች። ሁለት ዓመት አይቻለሁ። ማን ጠይቆኝ ኖሮ!"

አጎቴ ሳቀ፦ "እንዲህ ነዋ! ሐይቁ ናፍቋት ኖሯል ለካ!"
አንሙትም ሳቀ፤ ሳቁ፣ ምን ልዋሽ፣ እኔንም ነካ።

አባዬ ግን አልሳቀም።
ቁራሹን እንደያዘ ቀረ፣ አልጎረሰም።
አርባ ዓመት የሞተር ጩኸት ጆሮውን በልቶበታል፤
የእናቴን ከንፈር ነው የሚያየው፤ ከሁላችን ይልቅ ይሰማታል።

"ድገሚው" አላት።
ደገመችለት።

"ዳገት..." አለ፣ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አዘንብሎ፣
"ናፍጣው ወደ ሰርባቶዮው ይመለሳል፣ ሌሊቱን ቀስ ብሎ...
ቱቦው የሆነ ቦታ አየር ይስባል!" ተነሳ፣ ወንበሩን ጥሎ።

በስልክ መብራት ወጣን። እኔ ከሆዷ ሥር፣ በጀርባዬ፣
የጎማውን ቱቦ በጣቴ ስዳብስ፣ ጥቀርሻ ሲዘንብ ከላዬ፣
"አትቸኩዪ" ይላል አባዬ፤ "ዓይን አይደለም፣ ጣት ነው የሚያየው።"
ከፋሼታው ሥር፣ እንደ በጋ ከንፈር የተሰነጠቀ፣ ይኸው፦
የጥፍር ጫፍ የማታክል።
በዚህች ነው ሃምሳ ኩንታል የቆመው። በዚህች ነበር ፖምፓ ሊነቀል።

አንሙት ጫፉን ቆረጠው፣ በእናቴ የወጥ ቤት ቢላ፤
ነገ ትጮህበታለች፤ ዛሬ መብራት ይዛለች፣ እንቅልፏን ጥላ።
የእጅ ፖምፒኗን ተጫንኩ፤ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ፣
ከላላው ቡሎን አረፋ ወጣ፣ ውኃ ውስጥ እንደሚተነፍስ ዓሣ፤
ከዚያ አረፋው አለቀ፤ ጥርት ያለ ናፍጣ ፈሰሰ።
"እሰሪው!" አለ። ጋቢናው ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ቁልፉን ለእሷ ስጧት።"
እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፤ መሪ ይዛ አታውቅም፤
"ምን ልርገጥ?" አለች። "ምንም። ጠምዝዢ ብቻ፤ አትበላሽም።"

አንዴ ዞረ። ሁለቴ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣
ማንጎው ቅጠሉን አራገፈ፤ የጎረቤት ውሻ ደነገጠ።
አባዬ አልሰማም። መዳፉን ከበሩ ቆርቆሮ ለጠፈ፣
ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ቆየ፤
ከንፈሩ አራቱንም ሲሊንደር አንድ ባንድ ጻፈ።

ከሽንኩርቱ ሲሶው ተጣለ። ነጋዴው በግማሽ ከፈለ።
ሙላው ገበያ ላይ ስለ ፖምፓው ጠየቀኝ፤ "ተሻላት" ስለው ዝም አለ።

ቱቦው አዲስ ነው አሁን። የትም ዞራ ብታድር ግድ የለም።
አባዬ ግን ማታ ሲገባ፣ አንዴም ቢሆን አልረሳም፦
ወደፊት፣ ወደኋላ እያለ፣ መሪውን እየጠመዘዘ፣
አፍንጫዋን ወደ ጣና ያቀናል።
ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ወደ በረንዳው ያያል።

እናቴ፣ በመዳፏ፦
ትንሽ ወደ ግራ።